ጋማን የሚያቆመው እርሳስ

በአርሲ ጠቅላይ ግዛት የመጀመሪያው የአቶም ሊቅ እኔ ነበርኩ። ሁለተኛውም እኔ ነበርኩ፤ ሦስተኛ አልነበረም። ከዴራ እስከ በቆጂ፣ ከአሰላ እስከ ሮቤ ብትጠይቁ ስለ ራዲየም ጠባይ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አታገኙም ነበር። ይህን ሁሉ ዕውቀት የተሸከምኩት ጉልበቴ ላይ ቁስል በማይጠፋበት ዕድሜ፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ነው። እውነቱን ካነሣን አይቀር፣ በዚያው ሴሚስተር ከአርባ ሁለት ተማሪ አርባ አንደኛ ወጥቻለሁ። አርባ ሁለተኛው ልጅ ዴራ አያቱ ዘንድ ወባ ይዞት ስለከረመ ፈተናውን አልተፈተነም።

የእኔ ዘመን የአሰላ ልጆች ያንን ጠዋት መቼም አትረሱትም። ጭላሎ ሌሊት ሲያጠራቅም ያደረውን ጉም ጎህ ሲቀድ ከተማው ላይ ይደፋዋል። ከፊታችሁ የሚሄደው ልጅ አይታይም፤ ማን መሆኑን የምትለዩት በኪሱ በሚንሿሿው የገብስ ቆሎ ነው። ብርዱ አንድ ቀን የተናገርኩትን ቃል አፌ ላይ አድርቆት፣ እረፍት ላይ ፀሐይ ስትወጣ ነው የተሰማው። አጋነነ አትበሉኝ፣ ከድር ምስክሬ ነው። ከድር የበቆጂ ልጅ ሲሆን አሰላ አጎቱ ቤት ተቀምጦ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የሚማር ጓደኛዬ ነበር።

የትምህርት ቤታችን ደወል ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የአሮጌ ጭነት መኪና ቸርኬ ነበር። ያንን ቸርኬ በብረት ዘንግ የሚመቱት ጋሽ ቱፋ ናቸው። ዘበኛም ደዋይም ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ኮሪያ ዘምተዋል። ግራ እግራቸውን ሳብ ያደርጋሉ፤ ክረምት ከበጋ የማትለያቸው አንዲት የወታደር ካፖርት አለቻቸው። ከሁሉ በላይ ግን ሰዓት አላቸው። አንድ የአሜሪካ ሹም በስንብት ቀን ከእጁ ፈትቶ የሰጣቸው ነው ይባላል። ያ ሰዓት ጨለማ ውስጥ ያበራ ነበር።

ማልዶ የመጣ ልጅ ዕድለኛ ነው። ጋሽ ቱፋ ካፖርታቸውን ገለጥ ያደርጉና፣ «ኢጆሌ! ልጆች! አንድ በአንድ! ሰልፍ የማያውቅ ዓይን ምንም አያይም!» ይላሉ። ተራው የደረሰው ልጅ ጭንቅላቱን ካፖርቱ ውስጥ ይከታል፤ እሳቸው ከላይ ይሸፍኑታል። ውስጡ ጭስ ጭስ፣ ቅቤ ቅቤ፣ ትንሽም ፈረስ ፈረስ ይሸታል። ከዚያ ጨለማ መሐል አሥራ ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች ይፈጡባችኋል፤ ዙሪያውን የተቀመጡ ትንንሽ ድመቶች በሏቸው። ልጁ «ወይኔ!» ብሎ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። እኔ ዘወትር የማረፍድ ልጅ ስለነበርኩ በዓመት ሦስት ጊዜ እንኳ አላየሁትም። ያላዩት ነገር ደግሞ እንዴት እንደሚያምር ታውቃላችሁ።

የሳይንስ አስተማሪያችን ቲቸር ግርማ ይባሉ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የመጡ፣ ፀጉራቸው ከቸርኬው የሚበልጥ ወጣት ናቸው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛው ሲያንቀን በአማርኛ ያስረዱናል፤ በአማርኛም ካልገባን ወደ ሜዳ ያወጡናል። ስለ አቶም ሊያስተምሩን የጀመሩ ቀን በቀጥታ ሜዳ ወጣን። ከእኔ ኪስ አንዲት የገብስ ፍሬ ለመኑና ኳስ ሜዳው መሐል አስቀመጧት። እኔ ለሳይንስ ያበረከትኩት አስተዋጽኦ እዚያ ላይ ያበቃል።

«ይህቺ የአቶሙ አስኳል ናት» አሉ። «ክብደቱ ሁሉ እዚህ ነው ያለው። ኤሌክትሮኖቹ ደግሞ ከዳር ሆነው ይዞራሉ። ከመሐል እስከ ዳር ያለው ባዶ ነው። ድንጋይ ብትሉ፣ ብረት ብትሉ፣ እኛም ራሳችን አብዛኛው ነገራችን ባዶ ነው።»

ኤሌክትሮን እንዲሆን ከድር ተመረጠ። የበቆጂን ልጅ ሩጥ ማለት ቀላል ነው፤ ቁም ማለት ነው የሚከብደው። ከድር ሜዳውን መዞር ጀመረ፤ አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር፣ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም። ቲቸር ግርማ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለ ፕሮቶንና ኒውትሮን እያስረዱን ሳለ የዳይሬክተሩ ዶሮ ክንፏን እያራገበች ወደ መሐል ሜዳ ገባች።

«ቲቸር!» ብዬ ጮኽኩ። «አስኳሉን ዶሮ በላችው!»

ክፍሉ በሳቅ ወደቀ። ቲቸርም ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው፣ «አስኳል የሌለው አቶም የለም። ከድር፣ በቃህ!» አሉ። ከድር ግን ገና እየሞቀው ስለነበር ያለ አስኳል አራት ዙር ጨመረ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ስለ ጨረር ተማርን። አንዳንድ ከባድ አስኳል አልረጋ እያለው በራሱ ጊዜ ይፈራርሳል፤ ሲፈራርስም ጨረር ይተፋል አሉን። «ሦስት ዓይነት ነው። አልፋን አንዲት ወረቀት ትመልሰዋለች። ቤታን ቆርቆሮ ያቆመዋል። ጋማን ግን የሚያቆመው እርሳስ ነው፤ ያውም ወፍራም እርሳስ» አሉ። ደብተሬ ላይ «ወፍራም እርሳስ» ብዬ ጻፍኩና አሰመርኩበት። አናጢው ጎረቤታችን ጆሮው ላይ የሚሰካት ዓይነት መሆን አለባት ብዬ ነበር።

ቀጥለው ወደ ግማሽ ዕድሜ ገቡ። «አንድ ዳቦ አላችሁ እንበል። ዛሬ ግማሹን በላችሁ። ነገ የቀረውን ግማሽ፣ ከነገ ወዲያ የዚያን ግማሽ። እንዲህ እያላችሁ ብትሄዱ ያንሳል እንጂ ቶሎ አያልቅም።»

«እኛ ቤት ግን ያልቃል ቲቸር» አለ ከድር።

እኔ በዚህ እየሳቅሁ ዋናው ነገር አመለጠኝ። ቀና ስል ቲቸር፣ «በጨለማ የሚያበሩ አሮጌ ሰዓቶች ቁጥራቸው የተጻፈው በራዲየም ቀለም ነው። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ...» እያሉ ነበር። ቀሪውን አልሰማሁም፤ መስማትም አላስፈለገኝም። ሰዓት፣ ራዲየም፣ ግማሽ ዕድሜ። ራሴው ገጣጠምኩት። የጋሽ ቱፋ ሰዓት የጋሽ ቱፋን ግማሽ ዕድሜ እየበላው ነው!

ለእረፍት ስንወጣ ከድርን ጎትቼ ወደ ደወሉ ሮጥኩ። ጋሽ ቱፋ ባሕር ዛፉን ተደግፈው ጩኮ ይበሉ ነበር። የአርሲ ሰው የሆነ ያውቀዋል፤ በገብስ ዱቄትና በቅቤ የታሸ ነገር ነው፣ አንዴ የጎረሰው እስከ ማታ አይርበውም። ለሁለታችንም ቆረስ አድርገው ሰጡን።

«ጋሽ ቱፋ፣ ይህ ሰዓትዎ ግማሽ ዕድሜዎን እየበላው ነው» አልኳቸው አፌ እንደ ሞላ።

«ማል ጄታ? ምን አልክ?»

«ጋማ ይተፋል።»

«ጋማ? የፈረስ ጋማ?»

«ኧረ አይደለም! ጨረር ነው። አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውን ሰንጥቆ ያልፋል።»

ጋሽ ቱፋ ሳቁ። «ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ የእኔ ፈረስ ከጆሮዋ እስከ ትከሻዋ ጋማ ናት። እስከ ዛሬ ማንንም አልገደለችም። ሰዓትስ ሰው ቢገድል፣ ኮሪያ ላይ ያን ሁሉ ጥይት ምን አስጨረሳቸው? ሰዓት አይወረውሩብንም ነበር?»

«ቲቸር ናቸው ያሉት» አለ ከድር። «መጽሐፉ ላይም አለ።»

መጽሐፍ ሲባል ሳቃቸው ቀነሰ። ማንበብ የማይችል ሰው መጽሐፍን እንዴት እንደሚያከብር እኔን ጠይቁኝ። ሰዓቱን አየት አደረጉ፤ ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁ።

«አጠገቡ የቆመ ሰውስ?»

«እሱንም ያገኘዋል።»

«ካፖርቴ ውስጥ አንገቱን የሚያስገባ ልጅስ?»

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ሊቅ ደግሞ አላውቅም አይልም። «እሱንማ በጣም!» አልኳቸው።

ጋሽ ቱፋ የያዙትን ጩኮ መልሰው ጠቀለሉት። «የእኔን ዕድሜ ኮሪያ ላይ አንዴ ሰጥቼው ነበር፤ ይሄ ትርፉ ነው፣ ይብላው» አሉ በመጨረሻ። «ልጆቹን ግን አይነካም።» ይህን ብለው ሰዓቱን ፈቱት። ሰዓቱ የተነሣበት ቆዳ ያንን ሁሉ ዓመት ፀሐይ ስላላየው እንደ ሕፃን ቆዳ ለስላሳ ነበር። አሁን ሳስታውሰው እዚያች ላይ ነው ልቤ የሚያዝነው። ያኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፤ ሰዓቱ መዳፌ ላይ ነዋ!

እንዴት እንደሚቀበር የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ቀብሩ ለእኔ ተሰጠ። ለአልፋው አሮጌ ጋዜጣ አዘጋጀሁ። ለቤታው የሻይ ቆርቆሮ አመጣሁ። ለጋማው ከድርና እኔ የታናናሾቻችንን ቦርሳ በርብረን ሃያ ሦስት እርሳስ ሰበሰብን፤ ግማሹ ጫፉ የተነከሰ ነው። አንዷን ወፍራም ከአናጢው ጆሮ ላይ ሳይሰማ አነሣኋት። በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ከአጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፈርኩ። ከድርን እንዲጠብቅ ወደ በሩ ላክሁት። ጋሽ ቱፋ ደግሞ፣ «ቅበረው፣ እኔ አላየውም» ብለው እግራቸውን እየሳቡ ሄዱ።

ብቻዬን ቀረሁ። ቆርቆሮውን ከፈትኩ። እርሳሶቹን በሥርዓት ደረደርኩ። ሰዓቱን ሹራቤ ውስጥ አስገብቼ ለመጨረሻ ጊዜ አንዴ ብቻ አየዋለሁ አልኩ። አረንጓዴዎቹ ድመቶች አዩኝ። ያኔ ጋማም፣ ግማሽ ዕድሜም፣ ጋሽ ቱፋ የሰጉላቸው ልጆችም ከአእምሮዬ ጠፉ። ሰዓቱ የእጅ አንጓዬ ላይ እየሾለከ አስቸገረኝ፤ ወደ ላይ ገፍቼ ከክርኔ በላይ አሰርኩትና የሹራቤን እጅጌ ሳብኩበት። ከዚያ እርሳስ ብቻ ያለበትን ቆርቆሮ በክብር ቀበርኩ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስት ቀናት በትምህርት ቤታችን ታሪክ ወደር የላቸውም። ጋሽ ቱፋ በፀሐይ እንዳይደውሉ ፀሐይዋ ጉም ውስጥ ናት። በግምት ይደውሉ ጀመር። አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከመርዘሙ የተነሣ፣ ስንገባ ጢም ያልነበረው ልጅ ስንወጣ ጢም አብቅሎ ነበር። እረፍቱ ደግሞ ወይ ጫማችንን አስረን ሳንጨርስ ያልቃል፣ ወይ ኳስ ጠልቶን ራሳችን ወደ ክፍል እስክንመለስ ይቆያል። ልጆቹ ሁሉ ፈነጠዙ። እኔም ብብቴ አካባቢ ቲክ ቲክ የሚል ነገር ይዤ ጠዋት ጠዋት እሞላዋለሁ፤ ዴስክ ሥር ተጎንብሼ በእጅጌዬ ውስጥ እያየሁ ስቄ አልጠግብም።

በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ደወሉ ዘንድ መጡ። እኔና ከድር እዚያው አጠገብ ነበርን።

«ቱፋ፣ ሰዓትህ የታለ?»

«ተቀብሯል ጌታዬ።»

«ምን ሆኖ?»

«ታሞ።»

ዳይሬክተሩ የሚቀለድባቸው መሰላቸው። «እስከ ነገ ጠዋት ሰዓት ይዘህ ካልቀረብክ ደወሉን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ!» ብለው ሄዱ። ጋሽ ቱፋ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ቸርኬውን ቀና ብለው አዩት። ለልጅ የማይናገሩት ነገር ፊታቸው ላይ ነበር። እኔ ያኔ እጅጌዬን መግለጥ ነበረብኝ። አልገለጥኩም። ነገ አደርገዋለሁ፣ ቆፍሬ ያወጣሁ መስዬ አመጣዋለሁ እያልኩ ለራሴ ማልኩ፤ እጄን ግን ኪሴ ውስጥ ቀበርኩት።

ነገሩ ግን እስከ ነገ አልቆየም። ቲቸር ግርማ የእሳቸው ክፍለ ጊዜ አላልቅ ሲል ወጥተው ጋሽ ቱፋን ስለ ሰዓቱ ጠይቀዋቸው ኖሯል። «አንተ አይደለህም ያስተማርካቸው?» ብለው የቀብሩን ነገር አጫውተዋቸዋል ጋሽ ቱፋ። ቲቸር ክፍል ገብተው ጆሮዬን ይዘው አወጡኝ። ቀብሩ ቦታ ስንደርስ ጋሽ ቱፋ ቆመው ይጠብቁናል፤ ከኋላችን ክፍሉ በሙሉ ተከትሎናል።

«ቆፍር!»

ቆፈርኩ። ቲቸር ቆርቆሮውን ከፈቱ፣ ጋዜጣውን ገለጡ፣ አንድ እፍኝ እርሳስ አወጡ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እርሳስ ነው ቲቸር።»

«ለምን?»

«ጋማን እንዲያቆም። ወፍራሟም አለችበት።»

ቲቸር ግርማ እርሳሶቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው አጥሩ ላይ ተደገፉ። እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው! እርሳስ ያልኩት ብረቱን ነው እኮ፣ ከባዱን ብረት፣ ጥይት የሚሠራበትን! በዚህ የምትጽፉበት ውስጥማ ያ እርሳስ ጭራሽ የለም፤ ከሰል ቢጤ ነው!» አሉ። ግማሽ ዕድሜም የራዲየሙ የራሱ እንጂ የሰው አለመሆኑን፣ ግማሹ እስኪሄድ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት እንደሚፈጅ፣ የሰዓቱ መስታወት ካልተከፈተና ቀለሙ ካልተነካ ጋሽ ቱፋንም ልጆቹንም የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ አስረዱ።

«ጥይት የሚሠራበት?» አሉ ጋሽ ቱፋ። ግራ ጭናቸውን መታ መታ አደረጉ። «እሱማ እዚህ ውስጥ አለኝ! ከኮሪያ ጀምሮ አብሮኝ ነው። መድኃኒቱ እግሬ ውስጥ እያለ ነው ለካ ሰዓቴን የቀበርኩት!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ ነገሩ በዚህ የሚያልቅ መስሎኝ። ቲቸር ግን ቆርቆሮውን ገልብጠው አራገፉት።

«ሰዓቱስ?»

ሳቁ ቆመ። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ አረፈ። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ።

«ፈራርሶ ይሆናል ቲቸር።»

«በሦስት ቀን?»

«መጀመሪያ ግማሹ... ከዚያ የግማሹ ግማሽ...»

«ማሰሪያውስ? እሱም ራዲየም ነው?»

«ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል» የሚል ድምፅ ከኋላ ሰማሁ፤ ከድር ነው፣ የገዛ ጓደኛዬ! ቲቸር ፊታቸው ተለወጠ፤ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሊወስዱኝ ክንዴን ሊይዙ ሲሉ ጋሽ ቱፋ እጃቸውን አነሡ። ቆጣ አላሉም። አንገታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው፣ መንገድ ላይ እንደ ተገናኘን ሰዎች፣ በተለመደ ድምፃቸው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

እኔም የሹራቤን እጅጌ ከክርኔ በላይ ሰብስቤ አየሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጩኸት ጭላሎ ጫፍ ላይ የነበረ እረኛ ሰምቶታል። እኔ ክንዴን እንደ ገለጥኩ፣ በሰዓቱ ላይ እንዳፈጠጥኩ ደርቄ ቀረሁ። ጋሽ ቱፋ ቀረብ ብለው ራሳቸው ፈቱልኝና ያቺ ለስላሳ ቆዳ ላይ መልሰው አሰሩት። ዳይሬክተሩ በነጋታው ሲጠይቋቸው፣ «ድኖ ተነሣ ጌታዬ» ብቻ ነው ያሏቸው። ስሜን አላነሡም። ደወሉም ከእጃቸው አልወጣም። ለእኔ የፈረዱብኝ ፍርድ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከሁሉም ልጆች ቀድሜ መጥቼ የካፖርቱን ሰልፍ እንዳስከብር ነበር። እንዲህ ያለ ቅጣት እስከ ዛሬ አልቀመስኩም።

ጋሽ ቱፋ እኛ ከአሰላ ተበትነን፣ አግብተን ወልደን፣ ፀጉራችን መሸበት እስኪጀምር ኖሩ። ያ ሰዓት ግማሽ ዕድሜያቸውን ከበላው፣ ሳይበላው ስንት ሊኖሩ ነበር እላለሁ። ዛሬ ልጆቼ ብርሃን በመዳፋቸው ይዘው ይውላሉ። አቶም ምንድን ነው ብላቸው በጣታቸው ነካ አድርገው ሥዕሉን፣ ድምፁን፣ እንቅስቃሴውን ያሳዩኛል፤ ስህተት የለበትም። ዶሮም አስኳሉን አትበላባቸውም። ደስ ይለኛል። ብቻ አንዲት የሚያበራ ነገር ለማየት በብርድ ተሰልፈው፣ የሰው ካፖርት ውስጥ ገብተው፣ የሰው ጠረን እየሸተታቸው «ወይኔ!» ብለው የሚወጡበት ጠዋት የላቸውም። ለዚያ ትንሽ አዝንላቸዋለሁ።

ያን ቀን ክንዴን ገልጬ ስደርቅ ያዩኝ ሁሉ፣ ቲቸር ግርማም፣ ከድርም፣ ጋሽ ቱፋም፣ ሐፍረት ያደረቀኝ መስሏቸው ነበር። ከድር እስከ ዛሬ እንደዚያ ብሎ ነው የሚያወራው፤ እኔም አርሜው አላውቅም። እውነቱ ሌላ ነው። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ሰዓት ማንበብ አልችልም ነበር።